የሰው ቋጠሮ

«ገመዱን ጎተተችው» አለች አፀደ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቋጠሮው ከምድር ቤቱ ወጣ። ሳህኑ እንደ ወትሮው ባዶ ነው፤ ታጥቧል። ጨርቁ ግን...»

እዚህ ላይ ዝም አለች። የት ዝም ማለት እንደሚገባ ያስተማራት የለም፤ ከሰው ፊት እያየች ነው የተማረችው። በእናትነሽ ሳሎን የተቀመጠው ሁሉ ማኘኩን አቆመ። ኦቾሎኒ ሲፈለፍል የነበረው ግርማ እንኳ እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ሲያዛጋ ያየችው አበጋዝ አሁን ሶፋው ጫፍ ላይ ወጥቷል።

«ጨርቁ ግን በአንድ ጣት ተፈታ። ልጇ ሲቋጥር ሁለቴ ነበር፣ አጥብቆ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ሁልጊዜ በጥርሷ ነበር የምትፈታው። ያን ቀን ነካ ስታደርገው ተፈታ። ቆማ አየችው። ከዚያ ለራሷ ምን አለች መሰላችሁ? ‹እጁን አሞት ይሆናል› አለች። በማግስቱ ከምግቡ ጋር ቅባት ጨምራ አወረደችለት። ከታች ያለው ነገር ቅባቱንም ተቀበላት።»

«ወይኔ» አለች እናትነሽ፣ ትራሱን ደረቷ ላይ አጥብቃ።

አፀደ መጽሐፉን ዘጋችው። ለዛሬ ይበቃል፣ የቀረው ለሚመጣው እሁድ ነው አለች። ጉንጯ ግሏል። እንዲህ አድርጋ ይዛቸው አታውቅም።

መጽሐፉ ውስጥ ግን ቋጠሮ የሚባል ነገር የለም።

መጽሐፉ ውስጥ ያለው፣ ልጇ ባሕር ላይ የጠፋባት አንዲት የሆላንድ መበለት በምድር ቤቷ የሚንኮሻኮሸውን ነገር ልጄ ነው ብላ ምግብ በገመድ ስታወርድለት ነው። አንድ ቀን ሳህኑ የጥርስ ምልክት ይዞ ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። አፀደ ያንን ገጽ ትራም ላይ ስታነበው፣ ይሄ ደራሲ በዕድሜው ደንግጦ አያውቅም ብላ ታዝባው ነበር። ዛሬ ትረካዋ እዚያው ቦታ ሲደርስ አበጋዝ አዛጋ፣ ግርማ ኦቾሎኒውን ወደ ራሱ ሳበ፣ ሰው ሁሉ ከእጇ ሊያመልጣት ሆነ። ቋጠሮው ያኔ ነው ከአፏ የወጣው። የማን ቋጠሮ እንደሆነም ታውቃለች። ባለቤቲቱ ከበሩ አጠገብ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል።

እትዬ የትነበርሽ ሄግ አጠገብ፣ ስኬቨኒንገን ውስጥ ባለ አንድ የባሕር ዳር ሆቴል ከአፀደ ጋር አልጋ የሚያነጥፉ፣ አምሳን ያለፉ ሴት ናቸው። ወደ ንባብ ማኅበሩ የሚመጡት አንዳንድ እሁድ፣ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ፣ አማርኛ ሲወራ ለመስማት ያህል ነው። አንድ ጊዜ «የፈረንጅ ጭራቅ ጨዋ ነው፣ ከመግባቱ በፊት በር ያንኳኳል» ብለው ሁሉንም አስቀዋል።

ማኅበሩ የተጀመረው በአማርኛ መጻሕፍት ነበር። በሱዳን በኩል የመጣው በሻንጣው፣ በመርከብ የመጣው በጃኬቱ ኪስ ይዞ የመጣቸው ጥቂት መጻሕፍት ከሄግ ሮተርዳም፣ ከሮተርዳም አምስተርዳም ዞረው፣ ገጻቸው እስኪሳሳ ተነበቡና አለቁ። ከዚያ አፀደ መጣች። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠች፣ ሆላንድኛን ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት በምትዋሳቸው አስፈሪ ልብ ወለዶች ብቻዋን የተማረች ልጅ ናት። ለምን እነዚያን መረጥሽ ሲሏት፣ የፍቅሮቹ ዓረፍተ ነገራቸው እንደ ቄስ ጥምጥም ተጠምጥሞ አያልቅም፣ የሚያስፈሩት ግን አጫጭር ናቸው፤ ደግሞ ሰውዬው ይሙት ይትረፍ ለማወቅ ስትል ሰነፍም ብትሆን መዝገበ ቃላት ትገልጣለህ ትላለች። ሄግ፣ ትራንስቫል በሚባለው ሰፈር ገበያ አጠገብ ባለው በእናትነሽ ቤት እየተሰበሰቡ፣ እሷ ያነበበችውን በአማርኛ ትተርክላቸው ጀመር። የተማሩት ሰዎች አፍ አፏን ሲያዩ ደስ ይላታል። ደስታዋን ለመደበቅም ብዙ አትደክምም።

ደንቡ ቀላል ነው። ትረካው ሲያበቃ እያንዳንዱ የደነገጠባትን አንዲት ቦታ ይናገራል። «ጥሩ ነው፣ ደስ ይላል» ማለት ክልክል ነው። ከታናሽ ይጀመራል፤ ታላቅ ከቀደመ ታናሹ የእሱን እየደገመ ፍርሃቱን ይደብቃል ብለው ነው። «እኔ አልደነገጥኩም» ያለ ብርጭቆ ያጥባል። ያልተጻፈ ደንብም አለ፤ በዚያ ቤት የራስን ማውራት የለም። ከተቀመጡት መካከል በአገር ቤቱ ትርምስ አንዱ ከአንደኛው ጎራ፣ ሌላው ከሌላኛው የነበረ አለ። ማን ከየትኛው እንደነበረ አይጠያየቁም። ተቀምጠው አብረው ሊፈሩት የሚችሉት መጽሐፍ ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋውን ፍርሃት ብቻ ነው።

ያን እሁድ እናትነሽ ጀመረች፤ ቋጠሮው አለች። ቀጥላ የተናገረችውም ቋጠሮው አለች። አበጋዝ መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ፣ ከቋጠሮውም ይልቅ ቅባቱ ነው ያስደነገጠኝ አለ። እሱ ሄግ ባለ ተቋም የሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር፣ ስለ ሁሉም ነገር ማብራሪያ የማያጣ ሰው ነው። ሴትዮዋ እውነቱን በጣቷ ነክታው ሳለ በፍቅሯ ሸፈነችው፤ ደራሲው የሰውን ልብ ያወቀ ነው፣ መጽሐፉን አውሺኝ፣ መዝገበ ቃላት ይዤም ቢሆን ላንብበው አለ። አፀደ እምቢ የምትልበት ምክንያት አጥታ ሰጠችው።

ተራው የግርማ ሆነ። ግርማ ከመርከብ ላይ ወርዶ ሮተርዳም የቀረ የድሮ መርከበኛ ነው። አሁን ወደቡ አካባቢ አንድ መጋዘን ቢሮ ውስጥ ይሠራል፤ ሆላንድኛው ጥሩ ስለሆነ ጥገኝነት ለሚጠይቁ ወገኖቹም ያስተረጉማል።

«እኔማ ጭራቁ ነው ያስቀናኝ» አለ። «ቤቱ ቁጭ ባለበት ምሳው ይመጣለታል፣ እጁን ይቀባል። ትንሽ ቢቆይ ካልሲም ትልክለት ነበር። እንዲህ ያለች ሞኝ ካገኘሁ እኔም ምድር ቤት እገባለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አፀደም ሳቀች። ሳቋን ጨርሳ ዓይኗን ስታብስ እትዬ የትነበርሽ እያዩዋት ነበር።

የመጨረሻው ተራ የእሳቸው ነው። ሁሉም አንድ ቀልድ ጠብቆ ወደ በሩ ዞረ።

«ሴትዮዋ ማን ትባላለች?» አሉ እትዬ የትነበርሽ።

«የቷ?»

«ምግብ የምታመላልሰዋ።»

«ዮሐና» አለች አፀደ።

«ዮሐና» አሉ፤ ስሙን እንደ አዲስ ጎረቤት ስም አጣጣሙት። «እግዚአብሔር ያጽናት።»

አንዱ፣ እትዬ መጽሐፍ እኮ ነው ብሎ ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ አሉለት። ሻርፓቸውን አስተካክለው እናትነሽን አመስግነው ወጡ። ሌላ ጊዜ ትራም የሚይዙት ከአፀደ ጋር ነበር።

የቋጠሮውን ነገር ለአፀደ የነገሯት ክረምቱ ሲገባ ነበር። ሆቴሉ ባዶ በሆነበት ሰሞን፣ የአንድ ትልቅ አንሶላ ሁለት ሁለት ጫፍ ይዘው ሲዘረጉ። ልጃቸው አስራት ይባላል። በቀይ ሽብሩ ጊዜ ሲታሰር በየቀኑ ምሳ ያመላልሱለት ነበር። ዘበኛው ከበሩ ላይ ይቀበላቸዋል፤ በማግስቱ የታጠበውን ባዶ ዕቃ፣ አስራት በጨርቅ እንደ ቋጠረው፣ ይመልስላቸዋል። ባዶ ዕቃ ማለት ልጅ አለ ማለት ነው። ቋጠሮው በጣት መፈታት ከጀመረ በኋላም ለወራት ተመላለሱ። እጁን መትተውት ነው ብለው ቅባት ጨመሩለት። በኋላ እንደ ተረዱት አስራት ያን ጊዜ ሁሉ በሕይወት አልነበረም፤ የሚበላውም የሚቀባውም ዘበኛው ነበር። ይህን ሲነግሯት አላለቀሱም። የአንሶላውን ጫፍ ከፍራሹ ሥር አስገብተው በመዳፋቸው ዳበስ እያደረጉ፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም አሏት።

ከትረካው ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ አፀደ አፏን አሰናድታ ነበር ወደ ሥራ የሄደችው። በመንገድ ላይ ያወጣች ያወረደችው ብዙ ነው። ታሪኩን አክብሬ ነው የተናገርኩት፣ ሰውም አልቅሷል ልትል አሰበች፤ ያለቀሰ ሰው ግን አላየችም። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም ልትል አሰበች፤ ይሄኛው ደግሞ ሌባ ፊቱን ማንም እንዳላየው ሲናገር መሰላት። እትዬ የትነበርሽ ግን ለአንዱም ዕድል አልሰጧትም። የአልጋውን ወዲያኛ ወገን ይዘው፣ «አንሶላውን ቢይዙልኝ» አሏት።

አፀደ ማንን እንዳነጋገሩ ለማየት ዞር አለች። ከእሷ በቀር ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። ሁልጊዜ ‹አንቺ› ከሚሏት ሴት አፍ ቀኑን ሙሉ ‹እርስዎ› ስትባል ዋለች። በተሳዳቢነት ከማንም የማታንስ ልጅ ናት፤ ቢሰድቧት መልሱን ታውቅበት ነበር።

በዚያው ሳምንት ከሥራ ስትወጣ አበጋዝን ትራም ማቆሚያው ላይ አገኘችው። የባሕሩ ንፋስ መነጽሩን በአሸዋ እየቀባበት፣ መጽሐፉን ብብቱ ሥር ይዞ ይጠብቃታል።

«የለም!» አለ ገና ከሩቅ።

«ምኑ ነው የሌለው?»

«ቋጠሮው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥርስ ብቻ ነው ያለው፣ የማይረባ ጥርስ። አንቺ ነሽ የፈጠርሽው።»

አፀደ ዓይኗን ወደ ሐዲዱ መለሰች።

«ታውቂያለሽ ምን እንዳደረግሽ? አንድ አስፈሪ መጽሐፍ ሙሉውን ቢጨመቅ ያቺን ቅባት አያህልም። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ተምሬ አንዲት እንዲህ ያለች ነገር አልመጣችልኝም። አንቺ ደራሲ ነሽ፣ አፀደ።»

ይህን ቃል ልጅ ሆና፣ ከትምህርት ቤት የቀረች ዕለት፣ ለራሷ ብላው ታውቃለች። ከሌላ ሰው አፍ ግን ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። በደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለ። ያ ሙቀት እስኪያልፍ ዝም አለች፤ አላልፍ ሲላትም ዝም አለች። አበጋዝ ዝምታዋን ትሕትና አደረገው። አምስተርዳም ያሉት ተማሪዎች የሚያሳትሟት መጽሔት እንዳለች፣ ቋጠሮውን ለብቻው አውጥታ እንድትጽፈው፣ በስሟ እንደሚወጣ፣ ለሮተርዳሞቹም ለግርማም እንደነገራቸው ሲያወራ ትራሙ መጣ።

«አስቢበት» አላት።

«አስብበታለሁ» አለች።

ከትራሙ ውስጥ ሆና መስኮቱ ላይ ፊቷን አየችው። ፈገግታዋ ገና አልጠፋም ነበር። እጇን አንሥታ አፏን ሸፈነችው፤ ከጎኗ የተቀመጡት ሆላንዳዊት አሮጊት የምታስነጥስ መስሏቸው መሐረብ አቀበሏት።

በማግስቱ ‹እርስዎ› መባሉን መቋቋም አቃታት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ገብተው እትዬ የትነበርሽ መጋረጃውን ሲገልጡ፣ በሩን ገፋ አደረገችና እግራቸው ላይ ወደቀች። በአገር ቤት ቢሆን ሽማግሌ ትልክ ነበር፤ እዚህ የምትልከው የለም። በጉልበቷ ምንጣፉ ላይ፣ ግንባሯ ጫማቸው ላይ ሆኖ፣ ይቅር ይበሉኝ የሚለው ቃል ከአፏ ሳይወጣ በሩ ተከፈተ። አለቃቸው ወይዘሮ ቲኔ ናት፣ በሆላንዶቹ አጠራር ሜቭራው ቲኔ። በዚያ ክረምት የአገራቸውን ረሃብ በቴሌቪዥን ካየች ወዲህ ከቁርስ የተረፈ ዳቦ እየጠቀለለች ኪሳቸው የምትከት ደግ ሴት ናት። አፀደን መሬት ላይ ስታያት፣ የጆሮ ጌጥሽ ጠፋብሽ እንዴ ብላ እሷም ተንበርክካ መፈለግ ጀመረች። ሁለቱ ጎን ለጎን ምንጣፉን ሲዳብሱ እትዬ የትነበርሽ ከላይ ቆመው አዩ።

ሜቭራው ቲኔ ስትሄድ፣ «ተነሺ» አሏት። ‹አንቺ› መባሏ ሲመለስ አፀደ ዕንባዋ መጣ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«ስለ ይቅርታው በኋላ። መጀመሪያ ያደረግሽውን ልንገርሽ፤ የምታውቂው አልመሰለኝም።» የትራስ ልብስ አንሥተው እያራገፉ ተናገሩ፣ እጃቸው ሥራ ሳይፈታ። «ስትስቂ አይቼሻለሁ። እሱ እንኳ ይለፍ፤ ሰው ሲስቅ ሰው ይስቃል። ጠበቃዬ በመጀመሪያው የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ጊዜ የልጅሽን ነገር ለምን ደበቅሽ ብሎ ተቆጥቶኛል። ለማላውቀው ሰው ጠረጴዛ ላይ አስራትን ማውጣት አስጠልቶኝ ነው። አሁን እንደገና ሊጠይቁኝ ነው፣ ሁሉንም ተናገሪ ተብያለሁ። ካልተናገርኩ ይመልሱኛል። የሚያስተረጉምልኝ ማነው?»

ነገሩ ለአፀደ ገባት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ግርማ ነው» አሉ እትዬ የትነበርሽ። «ስለ ቋጠሮው ስናገር ግርማ ምን ይላል? ከመጽሐፍ የሰማችውን ለራሷ አደረገችው ይላል። በአፉ ባይል በልቡ ይላል። ይሄን በልቡ የያዘ ሰው ቃሌን እንዴት ያሻግርልኛል? ሌላ ሰው ስጡኝ ብል፣ ለምን ይሉኛል። አየሽ፣ የራሴን ነገር መናገር የማልችል አደረግሽኝ።»

«እነግረዋለሁ። ዛሬውኑ ሮተርዳም ሄጄ እነግረዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«የእርስዎ ነው ብዬ።»

እትዬ የትነበርሽ ትራሱን አስቀመጡ።

«የኔን ሁለተኛ ልታወሪው ነው?»

አፀደ ከአልጋው ጠርዝ ተነሣች።

«ያንቺን ተናገሪ» አሏት። «የኔን ለኔ ተዪልኝ። ስደርስበት እኔው እናገረዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ እስከ ሥራ መውጫ አልጋ እንጂ ሌላ ነገር አላነሡም።

ቅዳሜ አፀደ ሮተርዳም ወረደች። ባቡሩ ውስጥ ‹ያንቺን ተናገሪ› የሚለውን ስታገላብጠው ነበር። ከቋጠሮው ታሪክ የእሷ የሆነው የቱ እንደሆነ አንድ በአንድ ብትለቅም፣ ያገኘችው መስረቋን ብቻ ነው።

የግርማ ቢሮ ትልቅ መጋዘን ጥግ ላይ በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል ናት። ቅዳሜ ስለሆነ ብቻውን ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ ከግድግዳው ላይ የመርከብ ሥዕል። ሲያያት ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

«ደራሲያችን መጣች! አበጋዝ ነግሮኛል። አታለልሽን አይደል? እኔ ደግሞ ፈረንጁ ምን ያለ አዋቂ ነው ብዬ። ከአሁን ወዲህ ብርጭቆ የማጥብ አይምሰልሽ፣ ለደራሲ ሻይ ነው የማፈላው።»

እውነትም ሻይ አፈላ። ሻዩን ሲቀዳ፣ ስኳር ሲፈልግ፣ አንድም ማንኪያ የለም ብሎ ሲያማርር፣ እሷ የምትናገርበትን ቀዳዳ አጣች፤ ወይም ሳታጣው አሳለፈችው። ቀልዱ ደስ ይላል። ደራሲ መባሉም አሁንም ደስ ይላል። እዚሁ ተቀምጣ ሻይዋን ጠጥታ፣ አዎ እኔ ነኝ ብላ ብትመለስ የሚያውቅባት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም አፏ የታሰረ። ይህን ማሰቧን ስታውቅ ብርጭቆውን አስቀመጠችው።

«ጋሼ ግርማ፣ አልፈጠርኩትም።»

«ምኑን?»

«ቋጠሮውን። መጽሐፉም ላይ የለም፣ እኔም አልፈጠርኩትም። አንድ ሰው ላይ የደረሰ ነው። ለኔ ብቻ ነግሮኝ፣ ሰርቄ አወራሁት።»

ግርማ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቆየ፤ የሚሄድበት አላገኘም።

«ቀልድ ነው?»

«አይደለም።»

«ማን ላይ ነው የደረሰው?»

«እሱን አልነግርህም። የኔ አይደለም።»

«አገር ቤት?»

አፀደ ዓይኗን ወደ ብርጭቆው ዝቅ አደረገች። ግርማ ወደ መስታወቱ ዞሮ ባዶውን መጋዘን ተመለከተ። ቀልደኛ ሰው ሲከብድ እንዴት እንደሚከብድ አይታ አታውቅም ነበር። ሲመለስ ድምፁ ወርዷል።

«እኔም እስር ቤት በር ላይ የተመላለሰች እኅት ነበረችኝ» አለ። ስለ እኅቱ ሌላ ነገር አልጨመረም። «ሞኝ ናት ብያለሁ እኮ። ካልሲ ብያለሁ።»

«እኔም ስቄያለሁ።»

«ሴትዮዋ...» ቃሉን አንጠልጥሎ ተወው፤ እንደገና አነሣው። «እውነቱን ንገሪኝ። ቤት ውስጥ ነበረች? ሰምታኛለች?»

አዎ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አዎ ብትል ይሄን ነገር ከእንግዲህ ለሁለት ይሸከሙታል፤ እሱ ለቀልዱ፣ እሷ ለስርቆቷ፣ እኩል ለእኩል። አንድ ቃል ናት። አየችው፤ ፊቱ እንደ ተቀጣ ልጅ ሆኗል። ቃሏን ዋጠችው።

«የኔን ነው የነገርኩህ» አለች። «አንድ ቀን ከሌላ ሰው አፍ ብትሰማው፣ ከመጽሐፍም ከኔም የመጣ እንዳልሆነ እወቅልኝ። ይኸው ነው የመጣሁበት።»

ግርማ ቀስ ብሎ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ምን ያህሉን እንደተረዳ አላወቀችም፤ መጠየቅም አልፈለገችም።

«አበጋዝ አሁን ለአምስተርዳሞቹ ደውሎላቸው ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «መጽሔቱ ላይ ገጽ ይዘውልሻል። እኔ ልንገረው? ለስለስ አድርጌ፣ ከአገር ቤት የተሰማ ወሬ ነው ብዬ እጨርሰዋለሁ። አንቺን አያስነካም።»

መልካም ሐሳብ ነበር፤ ለእሷ። አፀደ ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችና የአበጋዝን ማደሪያ ቁጥር ጠየቀችው። ግርማ ቁጥሩን ነግሯት፣ ብቻዋን ትሁን ብሎ ኮቱን ከወንበሩ አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ።

ስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ላይ መጮህ ጀመረ። ብቻዋን ከሆነች ‹ሰረቅኩ› የሚለውን ቃል ‹ተዋስኩ› እንደምታደርገው ራሷን ታውቃለች።

«ጋሼ ግርማ» አለችው እጇን መነጋገሪያው ላይ ጭና። «አትውጣ። ተቀመጥና ስማኝ።»